ሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ የለውም፤ ታዲያ ሰፈራችንን የሚያስተዳድረው ማን ነው?

በሜሪላንድ ሞንጎምሪ ካውንቲ የሚኖር ሐበሻ ሰፈሩን ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ "ሲልቨር ስፕሪንግ" ይላል። ፖስታው በዚህ ስም ይመጣል፤ የባቡር ጣቢያውም ስሙ ይኸው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚባል ማዘጋጃ ቤት ግን የለም። ከንቲባ የለውም፣ የከተማ ምክር ቤት የለውም፣ የራሱ ፖሊስም የለውም። ድንበር የምትጋራው ታኮማ ፓርክ ግን ሦስቱም አሏት።

ነገሩ የስም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ማብራሪያ ባላስፈለገው ነበር። የቤት ኪራይ በዓመት ስንት ሊጨመር እንደሚችል፣ ጓሮ ያለውን ዛፍ ለመቁረጥ ማን ፈቃድ እንደሚሰጥ፣ ቆሻሻውን ማን እንደሚያነሣ፣ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በአካባቢ ምርጫ ድምፅ መስጠት ይችል እንደሆነ የሚወሰነው ቤቱ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደሆነ ታይቶ ነው። ብዙ ሰው የሚቀጣው ወይም መብቱ የሚያመልጠው የጎረቤት ሰፈር ሕግ የራሱም ሕግ እየመሰለው ነው።

ካውንቲ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ከአገር ቤት ጋር እናመሳስለው ካልን፣ ስቴቱን እንደ ክልል ካየነው ካውንቲው ዞን ይመስላል። ዞን ግን ከነዋሪው ዕለታዊ ኑሮ ራቅ ያለ ነው። እዚህ ትምህርት ቤቱ፣ እሳት አደጋው፣ የሰፈሩ መንገድ፣ ቤተ መጻሕፍቱ የካውንቲው ነው። ማዘጋጃ ቤት በሌለበት ሰፈር ደግሞ ካውንቲው ዞንም ወረዳም ቀበሌም ሆኖ ይሠራል።

ሞንጎምሪ ካውንቲ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለው፤ ዋና መቀመጫው ሮክቪል ነው። በሕዝብ የሚመረጥ ዋና አስተዳዳሪና ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ምርጫ ጀምሮ 11 አባላት ያሉት ምክር ቤት አለው። ሰባቱ በየምርጫ ወረዳቸው ይመረጣሉ፤ አራቱን የሚመርጠው መላው የካውንቲው ሕዝብ ነው። ስለዚህ አንድ ነዋሪ ጉዳዩን የሚያቀርብለት ተወካይ አንድ ብቻ አይደለም፤ የወረዳው ተወካይና አራቱ ሲደመሩ አምስት ናቸው። ብዙዎች ለአንዱ ብቻ ጽፈው መልስ ሲያጡ ይተዉታል፤ ለአምስቱም መጻፍ መብት ነው።

በካውንቲው ውስጥ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ 19 ማዘጋጃ ቤቶች አሉ። ሲቲ የሚባሉት ሮክቪል፣ ጌተርስበርግና ታኮማ ፓርክ ናቸው፤ የቀሩት ታውንና ቪሌጅ የመሳሰሉ አነስተኛ አስተዳደሮች ናቸው። ከእነዚህ ውጭ ያለው ሁሉ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተን፣ ጀርመንታውን፣ ቤተስዳ፣ አስፐን ሂል፣ በቀጥታ በካውንቲው ይተዳደራል።

"ቪሌጅ" የሚል ስም ያለው ሰፈር ሁሉ አስተዳደር አለው?

የለውም፤ ትልቁ መሳሳት የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። ቼቪ ቼዝ ቪሌጅ እውነተኛ አስተዳደር ነው። የተመረጠ ቦርድ አለው፣ የራሱ ፖሊስ አለው፣ ቤት ለማደስ የፈለገ ሰው ከካውንቲው ፈቃድ በተጨማሪ የቪሌጁንም ፈቃድ ማውጣት አለበት።

ሞንጎምሪ ቪሌጅ ደግሞ በሕዝብ ብዛቱ ከቼቪ ቼዝ ቪሌጅ እጅግ ይበልጣል፤ ነገር ግን መንግሥት አይደለም። በ1960ዎቹ በአንድ የቤት ገንቢ ድርጅት የተመሠረተ ሰፈር ሲሆን፣ መናፈሻውንና መዋኛ ገንዳውን የሚያስተዳድረው የነዋሪዎች ማኅበር ነው። ፖሊሱም መንገዱም የካውንቲው ነው። የፖስታ አድራሻው ብዙ ጊዜ "ጌተርስበርግ" ይላል፤ ሆኖም የጌተርስበርግ ሲቲ አካል አይደለም። ፖስታ ቤት ስም የሚሰጠው ለደብዳቤ ማደያ እንዲመቸው ነው፤ የአስተዳደር ወሰን አይከተልም።

የቤት ባለቤቶች ማኅበርስ (ኤች ኦ ኤ)? እሱም መንግሥት ነው?

የቤት ባለቤቶች ማኅበር ወይም ኤች ኦ ኤ ለእኛ በእድር ቢመሰል ይገባል። መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ወርሃዊ መዋጮ አለው፣ የተመረጡ ኃላፊዎች አሉት፣ ያጠፋን ይቀጣል። ልዩነቱ ከእድር ፈልገው ይወጣሉ፤ ከኤች ኦ ኤ የሚወጡት ግን ቤቱን ሲሸጡ ብቻ ነው። መዋጮው ሲጠራቀም ማኅበሩ በሕግ በቤቱ ላይ ዕዳ ሊያስመዘግብ ይችላል፤ ያ ዕዳ ሳይነሣ ቤቱን መሸጥም ሆነ ሞርጌጁን ማደስ ያስቸግራል።

በሜሪላንድ ሕግ፣ በኤች ኦ ኤ ሥር ያለ ቤት ሻጭ የማኅበሩን ደንብና የክፍያ መረጃ ለገዢው መስጠት አለበት። ገዢው ያንን ሰነድ በእጁ ካስገባ በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ውሉን ለማፍረስ 5 ቀን አለው፤ ኮንዶሚኒየም ከሆነ 7 ቀን። ሰነዱ ወፍራም ነው፤ ብዙ ሰው ሳያነበው ይፈርማል። ቢያንስ አራት ነገር ይፈልጉበት፦ ወርሃዊ ክፍያውን፣ በቅርቡ የታሰበ ልዩ መዋጮ መኖሩን፣ ቤት ማከራየት የሚገደብ መሆኑን፣ የንግድ መኪና ወይም ቫን ማቆም የሚከለከል መሆኑን። ታክሲ ወይም የዕቃ ማመላለሻ የሚነዳ ሰው የመጨረሻውን ሳያይ ገዝቶ ኋላ መኪናው ሲጎተትበት ማየት የተለመደ ነው።

ከማኅበሩ ጋር አለመግባባት ከተነሣ ሞንጎምሪ ካውንቲ ለዚሁ ያቋቋመው ኮሚሽን አለ፤ የጋራ ባለቤትነት ማኅበረሰቦች ኮሚሽን ይባላል። ጠበቃ ከማቆም በፊት እዚያ ማመልከት ይቻላል።

የራሴን ቤት እንዴት ልለየው?

ስቴቱ የቤቶችን ግምት የሚይዝ መሥሪያ ቤት አለው፤ በተለምዶ ኤስዳት ይባላል። ድረ ገጹ ላይ ካውንቲውንና የቤት ቁጥሩን አስገብተው ሲፈልጉ የቤቱ መዝገብ በነጻ ይወጣል። ልዩ የታክስ አካባቢዎች በሚለው ክፍል የሲቲ፣ የታውን ወይም የቪሌጅ ስም ካለ በዚያ ሥር ነዎት፤ ከሌለ ካውንቲው ብቻ ነው። የታክስ ወረቀቱም ያው ነው፤ የማዘጋጃ ቤት ታክስ የሚል መስመር አለ ወይም የለም። ተከራይ የሆነ ሰው በአከራዩ አድራሻ ይህንኑ ማየት ይችላል። አለዚያ 311 ደውሎ አድራሻን ተናግሮ መጠየቅ ነው። "አማርኛ" ብለው ካሳወቁ አስተርጓሚ በስልኩ ይገባል።

ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል?

የኪራዩን ሕግ እንውሰድ። ካውንቲው በ2023 ያጸደቀውና በጁላይ 2024 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ አከራይ በዓመት ሊጨምር የሚችለውን ኪራይ ይገድባል፤ የዋጋ ንረቱ ላይ 3 በመቶ ተደምሮ፣ ወይም 6 በመቶ፣ ከሁለቱ ያነሰው። ከተሠሩ 23 ዓመት ያልሞላቸው ሕንፃዎች ከገደቡ ውጭ ናቸው።

አሁን ሁለት ቤተሰቦች አስቡ። የሁለቱም ፖስታ "ጌተርስበርግ" ይላል፤ የሁለቱም አፓርታማ በ1980ዎቹ የተሠራ ነው። አንደኛው ሞንጎምሪ ቪሌጅ ነው፤ ሁለተኛው ሲቲው ወሰን ውስጥ ነው። ኪራዩ 10 በመቶ ቢጨመር የመጀመሪያው ቤተሰብ ጭማሪው ሕገ ወጥ ነው ብሎ ለካውንቲው የቤቶች ጉዳይ መምሪያ ማመልከት ይችላል። ሁለተኛው አይችልም፤ የካውንቲው የኪራይ ገደብ ጌተርስበርግና ሮክቪል ሲቲዎች ውስጥ አይሠራም። ታኮማ ፓርክ ደግሞ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የራሷ የኪራይ ሕግ አላት፤ ቀመሩም ከካውንቲው ይለያል። በሜሪላንድ፣ ካውንቲው ያወጣው ሕግ ራሱን በሚያስተዳድር ሲቲ ወይም ቪሌጅ ውስጥም በመሠረቱ ይሠራል፤ የማይሠራው ሕጉ ራሱ ማዘጋጃ ቤቱን ነጻ ካደረገው፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ሕግ ጋር ከተጋጨ ወይም ማዘጋጃ ቤቱ በራሱ ሕግ ራሱን ካገለለ ነው።

ዛፍም እንደዚሁ ነው። ታኮማ ፓርክ ውስጥ ግንዱ ከመሬት 4.5 ጫማ ከፍታ ላይ ሲለካ ዙሪያው 24 ኢንች የሞላ ዛፍ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም፤ በራስ ጓሮ ቢሆንም። በጣም ወፍራም ዛፍ ይመስላል እንጂ ዲያሜትሩ ከ8 ኢንች ያነሰ ነው። በልብስ ሰፊ ሜትር መለካት ይበቃል።

ነዋሪው ምን ይጠበቅበታል?

ከዚህ በታች ያለው በቀጥታ በካውንቲው ሥር ላሉ ሰፈሮች ነው፤ ሲቲዎቹ የየራሳቸው ሰዓትና ልክ አላቸው።

በረዶ። በቤቱ ፊት ያለው የእግረኛ መንገድ የካውንቲው ቢሆንም ጠራጊው ባለቤቱ ነው፤ በረዶው መውረድ ካቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ። ዊልቸር የሚያሳልፍ ስፋት ሊኖረው ይገባል፤ አንድ የአካፋ ጠባብ መስመር አይበቃም። የመኪና መግቢያን ሲጠርጉ ፊትዎን ወደ መንገዱ አዙረው ይቁሙና በረዶውን በቀኝ በኩል ይከምሩ። ጠራጊው መኪና ከግራዎ መጥቶ ወደ ቀኝ ስለሚያልፍ፣ በግራ የከመሩትን ገፍቶ መልሶ መግቢያው ላይ ይደፋዋል። ከመግቢያው በስተግራ፣ ከመንገዱ ጠርዝ አጠገብ አንድ መኪና የሚያህል ቦታ ቀድመው ከጠረጉ ደግሞ ምላጩ የያዘውን እዚያ ያራግፋል። ሁለት ጊዜ መጥረግ የሚመጣው ይህን ባለማወቅ ነው።

ሣርና ጓሮ። ከ12 ኢንች በላይ ያደገ ሣር ማስጠንቀቂያ ያስመጣል። ታርጋ የሌለው ወይም የማይነሣ መኪና ደጅ ማቆምም እንዲሁ። በቤንዚን የሚሠራ ቅጠል ማራገቢያ ከጁላይ 2025 ጀምሮ መጠቀም ክልክል ነው፤ አትክልተኛ የቀጠረ ሰው በምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ቆሻሻ። ካውንቲው ሪሳይክል የሚሆነውን ከሁሉም የግል ቤቶች ያነሣል፤ ተራውን ቆሻሻ ግን የሚያነሣው ከካውንቲው በከፊሉ ብቻ ነው። በሌላው ክፍል ነዋሪው ወይም ኤች ኦ ኤው የግል ድርጅት ይቀጥራል። ወደ አዲስ ቤት የገባ ሰው ሁለት ሳምንት ቆሻሻው ሳይነሣለት ሲቀር ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ካውንቲው ረስቶት ሳይሆን ኮንትራት የሚገባው ራሱ ነው። የፕላስቲክ ገበያ ከረጢት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ተከልክሏል፤ ለወረቀቱ 10 ሳንቲም ይከፈላል።

ቧንቧ። ውኃውና ፍሳሹ በአብዛኛው የደብልዩ ኤስ ኤስ ሲ ነው፤ በ1918 የተቋቋመ የውኃ ድርጅት። ከዋናው መሥመር እስከ ግቢው ወሰን ድርጅቱ ይጠግናል፤ ከወሰኑ እስከ ቤቱ ያለው የባለቤቱ ነው። የፍሳሽ መሥመር ከሚያስደፍኑት ነገሮች አንዱ ከወጥ ቤት የሚወርድ ስብ ነው። የዶሮ ወጥ የተሠራበትን ድስት በሙቅ ውኃ ሲያጥቡ ቅቤው ቀልጦ ይወርዳል፤ መሬት ውስጥ ያለው ቧንቧ ቀዝቃዛ ስለሆነ እዚያ ይረጋና እየተደራረበ ይጠነክራል። ከመታጠቡ በፊት ድስቱን በወረቀት ጠርጎ ወረቀቱን ቆሻሻ ውስጥ መጣል ነው።

ቁፋሮ። አጥር ለመትከልም ሆነ ዛፍ ለመትከል ከመቆፈርዎ በፊት 811 ይደውሉ፤ ክፍያ የለውም። ቢያንስ ሁለት ሙሉ የሥራ ቀን አስቀድሞ ነው። የጋዝና የኤሌክትሪክ መሥመሮች ያሉበትን ቀለም ቀብተው ያሳያሉ።

ቤዝመንት። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የሰው ሕይወት ስለሚነካ። ቤዝመንት ውስጥ መኝታ ክፍል የሚባለው እሳት ቢነሣ ሰው የሚወጣበት መስኮት ያለው ብቻ ነው። የመስኮቱ የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ መሆን የለበትም። ሲከፈት ወርዱ ከ20 ኢንች፣ ቁመቱ ከ24 ኢንች ማነስ የለበትም፤ የክፍተቱ ስፋት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በጠቅላላ ቢያንስ 5.7 ስኩዌር ፊት መሆን አለበት። ብዙ ሠራተኛ የሚሳሳተው በዚህ ነው፤ 20 በ24 ሲባዛ 3.3 ስኩዌር ፊት ብቻ ይሆናልና ሁለቱን ዝቅተኛ ልኮች ብቻ ያሟላ መስኮት ፈተናውን ይወድቃል። ልኩ የሚወሰደው በመስታወቱ ሳይሆን ሲከፈት በሚቀረው ባዶ ቦታ ነው።

ቤዝመንቱን ራሱን የቻለ ቤት አድርጎ ለማከራየት ደግሞ የግንባታ ፈቃድና የኪራይ ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የኪራይ ፈቃድ የሌለው አከራይ ተከራዩ አልከፈለኝም ብሎ ፍርድ ቤት ቢሄድ ችግር ይገጥመዋል። ኤች ኦ ኤ ያለበት ሰፈር ከሆነ ሦስተኛ ፈቃድ ይጨመራል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ማኅበሩ "እሺ" አለ ማለት ካውንቲው ፈቀደ ማለት አይደለም።

የቤት ታክሱ ለምን በየጊዜው ይጨምራል?

ግምቱን የሚያወጣው ስቴቱ ነው፤ ተመኑን የሚያወጡት ስቴቱ፣ ካውንቲውና ማዘጋጃ ቤት ካለ እሱ ናቸው። ሁለቱን ሳይለዩ ለካውንቲው "ቤቴን አስወደዳችሁት" ብሎ መጻፍ ድካም ብቻ ነው። የስቴቱ ድርሻ ከ100 ዶላር ግምት 11.2 ሳንቲም ነው፤ 500,000 ዶላር ለተገመተ ቤት 560 ዶላር። ትልቁን የሚወስደው ካውንቲው ነው።

ቤት በየሦስት ዓመቱ እንደገና ይገመታል፤ ጭማሪው ለሦስት ተከፍሎ በየዓመቱ ይገባል። 400,000 የነበረ ግምት 580,000 ቢሆን በየዓመቱ 60,000 ይጨመራል። ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት ከሆነ ግን ታክስ የሚከፈልበት ግምት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳያድግ የሚከለክል መብት አለ። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት የሚከፍለው በ460,000 ሳይሆን በ440,000 ነው፤ በሁለተኛው በ520,000 ሳይሆን በ484,000። መብቱ ሆምስቴድ ክሬዲት ይባላል። በራሱ አይመጣም፤ አንድ ጊዜ ማመልከት ያስፈልጋል። አመልክተው እንደሆነ ያው የኤስዳት መዝገብ ላይ ይታያል። ዛሬውኑ አይተው ያረጋግጡ፤ ካላመለከቱ በየዓመቱ ያለ አግባብ እየከፈሉ ሊሆን ይችላል።

የግምት ማስታወቂያው የሚመጣው በዓመቱ ማብቂያ አካባቢ ነው፤ ይግባኝ ለማለት ያለው 45 ቀን ነው። ይግባኙ "ታክሱ በዛብኝ" ሲል አይሰማም፤ "በሰፈሬ ተመሳሳይ ቤቶች በዚህ ዋጋ ተሸጠዋል" ሲል ይሰማል። የቤተሰብ ገቢያቸው ከ60,000 ዶላር በታች የሆነ ባለቤቶች ሌላ ቅናሽ አላቸው፤ ይህ በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 መጠየቅ አለበት። ዕድሜያቸው 60 የሞላ ተከራዮችም በዚሁ ቀን የሚያበቃ የተከራዮች ቅናሽ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ወላጆቻችን ይህን ሳያውቁት ያልፋቸዋል።

ሐሳባችንን የምናሰማው መቼ ነው?

ዋና አስተዳዳሪው የቀጣዩን ዓመት በጀት በማርች 15 ለምክር ቤቱ ያቀርባል፤ ምክር ቤቱ የሕዝብ አስተያየት የሚሰማው በተለይ በኤፕሪል ነው፤ እስከ ጁን መግቢያ ያጸድቃል፤ የበጀት ዓመቱ ጁላይ 1 ይጀምራል። በጁላይ የታክስ ወረቀት ሲመጣ ለመከራከር መነሣት ዘግይቶ መነሣት ነው። ለመናገር አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። አንድ ጥያቄ፣ አንድ የመንገድ ስም፣ አንድ የሚደረግ ነገር ይዞ መቅረብ ይበቃል። በጽሑፍ መላክም እኩል ይመዘገባል።

ዜጋ ያልሆነ ሰው ድምፅ መስጠት ይችላል?

በአንዳንድ ማዘጋጃ ቤቶች ይችላል። ታኮማ ፓርክ ከ1992 ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿ የከተማዋን ከንቲባና ምክር ቤት እንዲመርጡ ትፈቅዳለች፤ በ2013 ደግሞ ከ16 ዓመት ጀምሮ ላሉ ወጣቶች ፈቅዳለች። በፕሪንስ ጆርጅ ካውንቲ ያለችው ሃያትስቪልም እንዲሁ። በሲልቨር ስፕሪንግ ግን ይህ የለም፤ የሚመረጥ የከተማ አስተዳደር ራሱ የለምና።

ይህን ክፍል በጥንቃቄ ያንብቡት። የተፈቀደው የሲቲው ምርጫ ብቻ ነው። የካውንቲው፣ የትምህርት ቦርዱ፣ የስቴቱና የፌዴራሉ ምርጫ ለዜጋ ብቻ ነው። ዜጋ ሳይሆኑ በስቴቱ የመራጮች መዝገብ መግባት ዜግነትን ሊያስከለክል፣ ከአገር እስከ መባረርም ሊያደርስ ይችላል። ስሕተቱ የሚፈጠረው ብዙ ጊዜ መንጃ ፈቃድ ሲወጣ ነው፤ በማሽኑ ወይም በፎርሙ ላይ "በመራጭነት መመዝገብ ይፈልጋሉ?" የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ሰው ሳያነበው "አዎ" ይላል። ዜጋ ካልሆኑ መልሱ "አይ" ነው። በገበያና በባቡር ጣቢያ ፎርም ይዘው ለሚቀርቡ መዝጋቢዎችም መልሱ ያው ነው።

የታኮማ ፓርክ ነዋሪ የሆነና ዜግነት የሌለው ሰው የሚመዘገበው በከተማው ጸሐፊ ቢሮ ነው፤ ዝርዝሩም ከስቴቱ ዝርዝር የተለየ ነው። የከተማዋ ምርጫ አሁን ከአጠቃላዩ ምርጫ ጋር በኖቬምበር ስለሚውል ድምፅ ሲሰጡ የያዙት ወረቀት የከተማው ብቻ መሆኑን ያረጋግጡ። የተመዘገቡበትን ደብዳቤ ቅጂ አስቀምጡ፤ የዜግነት ማመልከቻው ስለ መመዝገብና ስለ ድምፅ መስጠት ይጠይቃል፤ ለዚያ ጥያቄ ከመመለስዎ በፊት ደብዳቤውን ለኢሚግሬሽን ጠበቃ ያሳዩት።